ዙኪኒው አይበላም

ግንቦት 3፣ 2016

ፋሲካ አለፈ፣ ሰበቡም አለቀ። ዛሬ የጓሮውን አፈር በተክልና በባክቴሪያ ከመርዝ የማጽዳቱን ሥራ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው። ጓሮው ውስጥ የአጎቴ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እህል ነጋዴ ነበር። ጤፉና በቆሎው መርካቶ ይራገፋል፤ መድኃኒቱ ግን እኛ ጓሮ ይቀመጣል። መድኃኒት ስል የነቀዝ ማለቴ ነው፤ ዲዲቲና ማላታይን። ልጆች ሆነን እዚያ ጋ ኳስ ስንጫወት ይሸተን የነበረው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እማዬ «ወደዚያ አትጠጉ» ትለናለች። ቁንጫ ሲያስቸግራት ግን ራሷ ከዚያው በጣሳ ታስመጣ ነበር።

አምና መጋዘኑ ፈረሰ። የቀረው ስድስት በአራት ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት ነው። እማዬ ዶሮ ላርባበት አለች። አይሆንም አልኳት። ጠብ ባይባልም፣ ለሦስት ቀን ቡና ያለ ወሬ ተጠጣ።

አይሆንም ያልኩት በምክንያት ነው። ዲዲቲ ውሃ ውስጥ አልሟሟም ይላል። ስብ ካገኘ ግን እዚያው ቤቱን ይሠራል። ዶሮ ቀኑን ሙሉ አፈር ትጭራለች፣ ከጫረችው ትበላለች፣ የበላችው ዲዲቲ አስኳሉ ውስጥ ይጠራቀማል። አስኳሉን የምንበላው ደግሞ እኛ ነን።

ማላታይኑ ብዙም አያስጨንቀኝም። አፈር ውስጥ ዕድሜው ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ነው። አጎቴ መጋዘኑን ከዘጋ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እሱ ድሮ አልቋል። ዲዲቲ ግን ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። የቀረው ግማሽ ግማሹ እስኪጠፋ ደግሞ ያንኑ ያህል። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ሳገኘው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ግንቦት 5

ዶማ ከማንሳቴ በፊት መሬቱን በደንብ አረጠብኩት። ጠላቱ አቧራው ነው። ደረቁን ከቆፈሩት መርዙን መተንፈስ ነው። ማስክ፣ የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ አደረግሁ። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብሎ አየኝና «ኮሮና ተመለሰ እንዴ?» አለኝ።

የመጋዘኑ በር በነበረበት ጥግ፣ አንድ ክንድ ሳልወርድ የበሰበሰ ጆንያ ወጣ። ውስጡ እርጥብ ኖራ የመሰለ ግራጫ ጓል ነበር። እዚህ ላይ ቆምኩ። ይህ ለተክልም ለባክቴሪያም የሚሰጥ አይደለም። እነሱ የሚችሉት አፈር ውስጥ የተበተነውን ርዝራዥ ነው። ጓሉን ዙሪያው ካለው አፈር ጋር አንስቼ በድርብ ላስቲክ ጠቀለልኩት። ከዚያም ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ብዬ ጻፍኩበት።

ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከየመጋዘኑ ተሰብስቦ፣ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ የተቃጠለበት ጊዜ ነበር። የእኔን አንድ በርሜል የሚጭን ማን እንደሆነ ለማወቅ ስልክ ደወልኩ። አንዱ ወደ ሌላው አስተላለፈኝ። ሦስተኛው «በጽሑፍ አቅርብ» አለኝ። አቀረብኩ።

ግንቦት 12፣ ሚካኤል

መሬቱን በሲባጎ አራት ቦታ ከፈልኩት። አንደኛውን አልነካውም፤ ማወዳደሪያ ነው። ሁለተኛው ላይ ዙኪኒ (ረዘም ያለው የፈረንጅ ዱባ)፣ ሦስተኛው ላይ የእማዬ የአገር ዱባ። አራተኛው የባክቴሪያ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ለምን ዙኪኒ?» ብሎ ነው። አሜሪካ፣ ኮነቲከት የግብርና ምርምር ጣቢያ ውስጥ ጄሰን ዋይትና ባልደረቦቹ ይህንን ለዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። ብዙ ተክል ላይ ዲዲቲና ሲፈርስ የሚወለዱት ልጆቹ ሥሩ ቆዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ ወደ ላይ አይወጡም። ዙኪኒና የቅርብ ዘመዶቹ ግን ስበው ግንዳቸው ድረስ ያወጡታል። ኪያር የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ሳለ አይስተካከለውም። ስለዚህ «ዱባ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ መዝራት አይሠራም። የእማዬን ዱባ የጨመርኩት ለማየት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እሷን ለማስታረቅም ነው።

ዘሩን ፒያሳ ገዛሁ። ሻጩ «ለሆቴል ነው?» አለኝ። ለጓሮ ነው ብዬ ወጣሁ። ለመርዝ ነው ብለው ምን ይለኝ ነበር?

ግንቦት 14

መለኪያ ያስፈልገኛል። የላብራቶሪ ምርመራ ውድ ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባለው የመርዝ መለኪያ ማሽን ላይ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ እሱም ቢበዛ ሁለቴ ነው ሊያደርግልኝ የሚችለው። በመሃል ያለውን ጊዜ ለትሎች ሰጠሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሃያ ሊትር ጀሪካን በአግድሙ ቆረጥኩና መሃሉ ላይ ካርቶን ገተርኩ። በአንድ ወገን ከፊት ለፊት የአበባ መደብ ያመጣሁት ንጹሕ አፈር፣ በሌላው የጓሮው አፈር። እርጥበታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ጨብጬ ስጨምቀው ጓል ሆኖ ይቆያል እንጂ ውሃ አይንጠባጠብም። ከዚያ ካርቶኑን አነሳሁና አሥር ትል ድንበሩ ላይ ደረደርኩ። ቀበና ያለ አንድ ከብት አርቢ ከእበት ክምሩ ሥር የሰጠኝ ቀያይ ትሎች ናቸው። ላስቲክ ሸፈንኩበት፣ በሚስማር በሳሳሁት። ጨለማ ቦታ ሁለት ቀን ይቀመጣል።

ትል አፍንጫ የለውም፤ ቆዳው ግን ሁሉን ያውቃል። ካልተመቸው ይሄዳል።

ግንቦት 16

መጀመሪያ ካርቶኑን መልሼ ገተርኩ፤ በምቆጥርበት ሰዓት ድንበር እንዳይሻገሩ። ከዚያ በማንኪያ እየገለጥኩ ቆጠርኩ። ንጹሑ ውስጥ ዘጠኝ፣ የጓሮው ውስጥ አንድ። እሷም ብትሆን ግድግዳው ላይ ወጥታ ነው ያገኘኋት፤ አፈሩ ውስጥ አልገባችም። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ለአንድ።

እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችና «ዶሮው ይቅር» አለች። ሳምንት ሙሉ ያልኳትን አሥር ትል በሁለት ቀን አሳመናት።

ግንቦት 20

ዙኪኒውም ዱባውም ተዘራ።

የባክቴሪያ ወዳጆቼ «ኢኤም ግዛ» ብለውኝ፣ ይህን በጠርሙስ የሚሸጥ የደቂቅ ሕዋሳት ብጥብጥ አንድ ሊትር ገዝቼ ነበር። ለኮምፖስት ጥሩ ነው፤ ሽታ ይቀንሳል። ግን ውስጡ ያሉት በአብዛኛው እርጎና ጠላ የሚሠሩልን ዓይነቶች ናቸው። ዲዲቲ አይተው አያውቁም። መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች እስከ ዛሬ የተገኙት በብዛት መርዝ የፈሰሰበት ቦታ ነው። ሊንዴን የተባለውን ፀረ ተባይ የሚሰባብሩት ስፊንጎቢየም የሚባሉት፣ አትራዚን የተባለውን ፀረ አረም የሚበላው ስዩዶሞናስ፣ ሁሉም ከዚያው ከተበከለ አፈር ነው የወጡት። ስለዚህ ዘራቸውን ከሱቅ ሳይሆን ከራሴ ጓሮ ወሰድኩ። መጋዘኑ ጠርዝ ላይ፣ ሣር ደፍሮ ከበቀለበት ቦታ ሁለት ጭብጥ አፈር ነው። ሃያ ዓመት አብረውት የኖሩት ይሻላሉ።

ያንን ከትኩስ እበት፣ ከአንድ ጣሳ ሞላሰስና ከውሃ ጋር በባልዲ በጠበጥኩት። በሦስተኛው ቀን አረፋ ደፈቀ። ሽታው ጋጥ ውስጥ የተጠመቀ ጠላ ነው።

ሰኔ 2

ቁጥር አራት ላይ ብረት ጨመርኩ። ይህኛው ሰውን ያስቃል።

ዲዲቲ አምስት ክሎሪን አለው። አየር በሌለበት ቦታ አንዱን ክሎሪን አስጥሎ በሃይድሮጅን መተካት ይቻላል፤ ዲዲዲ ይሆናል። አየር ባለበት ግን የሚሆነው ዲዲኢ ነው። ዲዲኢ ደግሞ ግትር ነው፣ ከእናቱ የባሰ። ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን ማፈን ይሻላል። ያልዛገ ብረት ሲዝግ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ባክቴሪያዎቹም ያንን ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱ ሲተባበሩ ክሎሪኑ ይወልቃል።

ብረቱን ያገኘሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ቶርኖ ቤት ነው፤ ከማሽኑ ሥር የሚጠረገው ፍቅፋቂ። ባለቤቱ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ በነጻ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ረዳቱን ጠርቶ «ና ስማ፣ አፈር ብረት ይበላል» አለው። ችግሩ ዘይቱ ነው። ፍቅፋቂው በማሽን ዘይት የተነከረ ነው፤ እንዲሁ ብጨምረው አንዱን ብክለት በሌላ መተካት ይሆናል። በኦሞና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የመጀመሪያው እጣቢ ጥቁር ቡና ይመስል ነበር። ሦስተኛው ላይ እጄን አሽቼ ቅባት ሳጣ ቆምኩ። እጣቢውን ጓሮ አልደፋሁም፤ በጀሪካን ለቶርኖ ቤቱ ከተቃጠለ ዘይቱ ጋር መለስኩለት። ትንሽ ተገርሞ ተቀበለኝ።

ብረት፣ ፍግ፣ የተፈጨ ጭድ፣ ከላይ የባልዲው ብጥብጥ። ውሃ አጠጥቼ በላስቲክ ሸፈንኩ።

ሰኔ 18

ትናንት የወረደው ዝናብ አስደነገጠኝ። ከቁጥር አንድ የተነሳ ጭቃ ወደ ታችኛው አጥር ሄደ።

ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም ብያለሁ፤ በጭቃ ግን ይጓዛል። አፈር ላይ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። ከእኛ አጥር ሥር ግንፍሌ ነው። ግንፍሌ ቀበና ይገባል፣ ቀበና ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። መንገድ ላይ አቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውሃ ይለማል። እኔ ጓሮዬን አጸዳለሁ ብዬ ለሰው ጎመን መላክ አልፈልግም።

ሲነጋ ድንጋይና አፈር ከምሬ ታችኛው ጠርዝ ላይ እርከን ሠራሁ። ከእርከኑ በላይ ቬቲቨር ሣር ተከልኩ። ወደ ገጠር የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገት ለመያዝ የሚተከለው ነው። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቁልቁል ብዙ ሜትር ይወርዳል፤ የግንዱ ጥቅጥቅታ ደግሞ ጭቃውን ያስቀራል። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። ዘር ከመዝራቴ በፊት፣ ትል ከመቁጠሬም በፊት። ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ይህንን ይውሰድ።

ሐምሌ 10

ቁጥር አራትን ጥግ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጥቁር፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጭቃ። በጣም ጥሩ! አየር የለም ማለት ነው። እማዬ መስኮት ዘጋች።

ሐምሌ 28

ዙኪኒው ጉድ አደረገኝ። አመዳይ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ቅጠሉን ቢያለብሰውም ፍሬ ላይ ፍሬ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ አብረቅራቂ፣ ክንድ የሚያህል። አንድ ወዳጄ ለሻጋታው መድኃኒት እርጭ አለኝ። ሳቅኩ።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ገባ። እንደፈራሁት ሆነ።

ከማዶ ያሉት እትዬ በአጥሩ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ ከዚህ ሁለት ብትሰጠኝ ለጾሙ ወጥ ይወጣኝ ነበር» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይህ አይበላም እኮ።»

«ምን ሆኖ?»

«አፈሩ መርዝ አለበት።»

«ታዲያ መርዝ ላይ ለምን ዘራኸው?»

«መርዙን እንዲጠጣልኝ።»

ዙኪኒውን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲህ እግዜር ይሁንህ» ብለው ገቡ። መንገዱን እስኪጨርሱ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር። ማታ ከጉልት ዱባ ገዝቼ ወሰድኩላቸው።

ነሐሴ 9

ሁለት ፍሬ ጠፋ። በቢላ ነው የተቆረጠው። ከየት እንደገቡ ቬቲቨሩ ላይ የተረገጠው ያሳያል።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ማን ወሰደ ሳልል፣ ከጓሮዬ የወጣ ነገር ካለ አትብሉ ብቻ አልኩ። ማንም አላየሁም አለ። ከሰዓት አንዱ ፍሬ በአጥር ተወርውሮ ተመለሰ። ሁለተኛው አልተመለሰም። ፍሬው ውስጥ ያለው ከሥሩና ከግንዱ በጣም ያነሰ ነው፤ በአንድ ወጥ ሰው ይታመማል ብዬ አልገምትም። ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነው።

በጣም የሚያናድደው መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። እኔ የምፈልገው ግንዱን ነው፤ ፍሬው ምን ይሠራልኛል? የሴቷ አበባ ከኋላዋ ትንሽ ዙኪኒ ይዛ ነው የምትወጣው፤ ወንዱ ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው ያለው። ሴቶቹን ገና እምቡጥ ሳሉ ቀጨሁ። በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚያምር ነገር ከሌለ የሚለምን የለም፣ የሚሰርቅም የለም። በሩ ላይም ሰንሰለት አደረግሁ።

መስከረም 20፣ 2017

ነቀልኩ። ሥሩን ጭምር፣ ምክንያቱም እዚያም ብዙ አለ። አፈሩን እዚያው መደቡ ላይ አራግፌ፣ ቆራርጬ፣ ቆርቆሮ ሥር አደረቅሁት። አንድ ጆንያ ተኩል ሆነ።

አሁን ምን ይደረጋል? ለከብት አይሰጥም፤ ወተት ውስጥ ይመጣል። ኮምፖስት አይሆንም፤ ተመልሶ አፈር ይገባል። ማንደጃ ላይ ማቃጠልማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ክሎሪን ያለው ነገር በደካማ እሳት ሲነድ ከራሱ የከፋ ጭስ ያወጣል። በሥርዓት የሚቃጠለው ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ በሚነድ ምድጃ ነው። የእኔ ምድጃ ሽሮ ያፈላል።

ጆንያው ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ። ደብዳቤውን አስታወስኩ። መልስ የለም።

የቁጥር አራትን ላስቲክ ያነሳሁትም ዛሬ ነው። በዶማ ገለባበጥኩት፤ አሁን ተራው የአየር ነው። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ዘራሁበት። ተክል በሥሩ ስኳርና አሲድ ያንጠባጥባል፤ ሥር ዙሪያ ባለው ቀጭን አፈር ውስጥ ባክቴሪያ እንደ ሠርግ ቤት ይሰበሰባል። ጀርመናዊው ሎሬንዝ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 ለዚያች ቀጭን አፈር ስም ያወጣላት በዚህ ምክንያት ነው፤ ራይዞስፌር።

ጥቅምት 22

ትል ቆጠራ። ቁጥር አንድ፣ ዘጠኝ ለአንድ፤ እንደነበረው። ቁጥር ሁለት ስምንት ለሁለት። የእማዬ ዱባ ዘጠኝ ለአንድ። ቁጥር አራት አምስት ለአምስት!

ጮህኩ። እማዬ ሮጣ መጣች።

ጥቅምት 25

የጮህኩት በከንቱ ነው። ቁጥር አራት ውስጥ ፍግ አለ፤ ትል ደግሞ ፍግ ይወዳል። ትሉን የጠራው የአፈሩ ንጽሕና ሳይሆን ምግቡ ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲህ ያለ ሙከራ ይዞልኝ ቢመጣ ግማሽ ማርክ ነበር የምሰጠው።

ንጹሑ አፈር ውስጥም እኩል ፍግ ቀላቅዬ ደገምኩት። ሰባት ለሦስት ወጣ። ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ያው ነው። ከአምስት ለአምስት ያንሳል፤ ግን ይህኛውን አምነዋለሁ።

ታኅሣሥ 14

ጓደኛዬ ደወለ። ከሁለቱ ዕድሎቼ አንዱን ግንቦት ላይ ተጠቅሜበት ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

ቁጥር አራት ላይ ዲዲቲ በግልጽ ወርዷል። ዲዲዲ ደግሞ ወጥቷል። ዲዲኢ እንዳለ ነው ማለት ይቻላል። ዙኪኒው ያለበት መደብ አፈሩ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ግን ዲዲኢ ሞልቷል። የእማዬ ዱባ ውስጥም አለ፣ ከዙኪኒው ያነሰ።

ሲነበብ እንዲህ ነው። ባክቴሪያውና ብረቱ መርዙን በከፊል ስሙን ቀየሩት፤ ዲዲዲም መርዝ ነው፣ ግን አየር ባለበት ለሚቀጥሉት ባክቴሪያዎች በር ይከፍታል። ዙኪኒው የማይቀየረውን በጭልፋ ያወጣል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። በዚህ አካሄድ ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ጡረታ ስትወጣ ትጨርሳለህ» አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ለመጪው ክረምት ዙኪኒው ወደ ቁጥር አራት ይዛወራል፤ ከባክቴሪያው ሥራ በኋላ የቀረውን ዲዲኢ እንዲለቅም። ላስቲኩና ብረቱ ወደ ቁጥር ሁለት ይሄዳሉ።

ጥር 15

እማዬ አልቻለችም። ለጥምቀት ብላ አምስት ዶሮ ገዛች። ፊት ለፊት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቤት አሠራንላቸው፤ አፈር አይነኩም። ተስማማን።

ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀይዋ ዶሮ ቁጥር አንድ መሃል ቆማ፣ በሁለት እግሯ አፈሩን እየበተነች ነበር። የጓሮውን በር ማን ክፍት እንደተወ አልታወቀም። በጃኬቴ ሸፍኜ ያዝኳት።

«የእሷን እንቁላል አንበላም» አልኩ።

«ለሁለት ደቂቃ ጫረች ብለህ?» አለች እማዬ።

«ሁለት ደቂቃ ይሁን ሁለት ሰዓት በምን አውቃለሁ?»

እግሯ ላይ ቀይ ክር አሰርኩባት፣ እንድትለይ። እማዬ ኩርፊያዋን ይዛ ቡናውን ጣደች። የሽቦ ዋጋ ጠይቄ መጥቻለሁ፤ ነገ ከሥራ በኋላ ጓሮውን አጥራለሁ።